ያልሰመረው ሰመር

በሐምሌ አጋማሽ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከጥቁር ራስ ተራራ ሥር ባለች የበቅሎ ጋጣ ደጃፍ፤ በቅሎ አከራይዋና መንገድ መሪዋ እትዬ ደብሪቱ ኮርቻ ይሰፋሉ፣ የወጣት ክበብ ልጆች ይዞ ከከተማ የመጣው ልዑልሰገድ በቁምጣና በፀሐይ መነጽር አጠገባቸው ቆሟል።

ልዑልሰገድ፦ እትዬ ደብሪቱ፣ ስለምንዎት ይኸው ሦስተኛዬ ነው። አራቱን በቅሎ ይጫኑልኝና እንነሳ።

ደብሪቱ፦ ይኸው እኔም ሦስተኛዬ ነው። አልጭንም። ደግሞ ከፊቴ ዞር በል፣ መርፌው ጠፋኝ።

ልዑልሰገድ፦ ውል አለን እኮ። መንገድ መሪና አራት በቅሎ፣ እስከ ጥቁር ራስ ጫፍ። ፈርመዋል።

ደብሪቱ፦ አውራ ጣቴን ነው የነከርኩት። አውራ ጣቴ ማንበብ አይችልም። በሐምሌ ወንዝ አሻግሪ የሚል ቃል እንዳለበት ብትነግረው ኖሮ ቀለሙን ጠርጎ ይመለስ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ዝናቡ አባርቷል። ፀሐይዋን ይዩዋት እስቲ።

ደብሪቱ፦ ያባራው እዚህ ነው። ቀና በልና ጥቁር ራስን እየው። ምን ይታይሃል?

ልዑልሰገድ፦ ጉም።

ደብሪቱ፦ እሱ ጉም አይደለም፣ ዝናብ ነው። የናንተ ነገር፣ ራሳችሁ ላይ ካልወረደ ዝናብ አይመስላችሁም። እዚያ የዘነበውን እዚህ የሚያመጣው ወንዙ ነው፤ ቀጠሮ ሳይዝ።

ልዑልሰገድ፦ ወንዙንማ ማለዳ ሄጄ አይቼዋለሁ። ከጉልበት አያልፍም። ሕፃን ይሻገረዋል።

ደብሪቱ፦ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማህም?

ልዑልሰገድ፦ ሰምቻለሁ። እኛ ግን የምንሠራው በማንዋል ነው፣ በተረት አይደለም። አይቀየሙኝ፣ ዘመኑ ነው።

ደብሪቱ፦ ምን ቆርጦኝ እቀየማለሁ። ቅያሜ ከአቻ ጋር ነው። ለመሆኑ ቆቡን አይተኸዋል?

ልዑልሰገድ፦ የቱን ቆብ?

ደብሪቱ፦ መሻገሪያው መሀል ያለውን ድንጋይ ነዋ። ሾጠጥ ያለ፣ የመነኩሴ ቆብ የሚመስል። የዚህ አገር ሰው በክረምት ሲሻገር መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ጫፉ ደረቅ ከሆነ ይሻገራል። ጫፉ ከረጠበ ሙሽራም ቢሆን፣ ሬሳ ተሸካሚም ቢሆን ይመለሳል።

ልዑልሰገድ፦ እሱ ላይ ቆሜ እኮ ዛሬ ፎቶ ተነስቻለሁ። ቆንጆ ወጥታለች።

ደብሪቱ፦ ደረቅ ነበር?

ልዑልሰገድ፦ አንሸራትቶኝ ልወድቅ ነበር። ሲዘንብ ስላደረ ነው።

ደብሪቱ፦ ሲዘንብ ስላደረ። ወንዙስ የሚሞላው ምን ሲያድር ነው? ድንጋዩ ነግሮሃል እኮ። እኔ ነኝ ሞኟ፣ ድንጋይ የነገረውን ያልሰማ እኔን እንዲሰማኝ የምለፋው።

ልዑልሰገድ፦ እትዬ፣ እርስዎ ከዚህ ተራራ ሥር ሆነው የሚያዩት በቅሎዎን ብቻ ነው። የኔን ነገር አያዩም። የክበባችን ሰብሳቢ በወዲያኛው በኩል በመኪና እየመጡ ነው። ካሜራ የያዘ ሰው አለ። ሰባት ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ ይጠብቁናል። ማንዋሉ እዚያ ነው የሚመረቀው።

ደብሪቱ፦ ማንዋል ምንድን ነው የሚመረቀው? ቤተ ክርስቲያን ነው?

ልዑልሰገድ፦ ይህቺ ናት፣ ይዩዋት። «የክረምት ተራራ ጉዞ መመሪያ። ትርጉምና ዝግጅት፣ ልዑልሰገድ አጥናፉ።» ሁለት ዓመት የለፋሁባት ናት። በአገራችን ወጣት ተራራ የሚወጣበት እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልነበረም።

ደብሪቱ፦ ያለ መጽሐፍ ነው ለካ ስንወጣና ስንወርድ የኖርነው። አፍረናል።

ልዑልሰገድ፦ ይቀልዱ። ዛሬ የማይመጡ ከሆነ ግን እኔው ጭኜ እነዳቸዋለሁ። በቅሎ መንዳት ያን ያህል ጥበብ አይደለም።

ደብሪቱ፦ እሺ። ያቺ ዳማዋ ከሁሉም ገር ናት፤ ከእሷ ጀምር። መጫኛው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ልዑልሰገድ፦ የቱ ነው መጫኛው?

ደብሪቱ፦ ገመዱ ነዋ።

ልዑልሰገድ፦ አገኘሁት። ና... ነይ... ምን እያሉ ነው የሚጠሯት?

ደብሪቱ፦ አንተ አትጠራትም። እሷ ስትፈልግ ትመጣለች። ደግሞ በኋላዋ አትዙር። መዞርህ ካልቀረ ግን ቁምጣህን ከፍ አድርገው፣ ጭንህ ላይ ብትመታህ ልብስ አይበላሽ።

ልዑልሰገድ፦ ይኸው አሰርኩ። ቀላል ነው አላልኩም? አንድ ጆንያ በዚህ፣ አንድ ጆንያ በዚያ... ወይኔ ፓስታው!

ደብሪቱ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቶሎ ልቀመው፤ ዳማዋ ጨው ያለው ነገር ትወዳለች።

ልዑልሰገድ፦ በእግሯ ረገጠችው። አውቃ ነው የረገጠችው።

ደብሪቱ፦ አውቃ ነው። እሷ ሳታውቅ የምታደርገው ነገር የለም። ፍታና ወደ ቦታዋ መልሳት። እዚህ አገር ከመጣችሁ ጀምሮ የማየው ጉድ ሁሉ ከዚያች መጽሐፍህ እንደሚወጣ ገና አሁን ገባኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዘንድሮውን ጉድ ግን በገዛ በቅሎዬ ጭኜ ያመጣሁት እኔው ነኝ።

ልዑልሰገድ፦ ምን ጉድ አይተው ነው?

ደብሪቱ፦ ከምኑ ልጀምርልህ? ትናንት ወዲያ ልጆችህ ተሰልፈው ገብሴ ውስጥ ይሄዳሉ። «ውጡ! ውጡልኝ!» ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ። እነሱ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ያ ረጅሙ ልጅማ መዳፉን ስሞ እፍ አለልኝ።

ልዑልሰገድ፦ እሱ ምዕራፍ አራት ነው። «የተራራ ሰዎች ከሩቅ በመጮህ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ በፈገግታ እጅ በማውለብለብ አጸፋው ይመለስላቸው።»

ደብሪቱ፦ እኔ ሰው ሰላም ስል ጠጋ ብዬ ነው። የምጮኸው ለጅብና ለሌባ ነው።

ልዑልሰገድ፦ ስለ ገብሱ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ደብሪቱ፦ ትናንት ማለዳ ደግሞ «ጎርፍ መጣ! ጎርፍ!» ብለህ አገሩን ቀወጥከው። ነጠላዬን ሳልደርብ በቅሎዎቼን ፈትቼ ዳገት ለዳገት ሮጥኩ። ልቤ ልትፈነዳ ስትል ዞር ብዬ ባይህ፣ አንተ ቆመህ ሰዓትህን ታያለህ።

ልዑልሰገድ፦ የአደጋ ልምምድ ነው፣ ምዕራፍ ስድስት። ያለ ማስጠንቀቂያ መሆን አለበት ይላል። ልጆቹ በአራት ደቂቃ ድንኳን ለቀው ወጡ። ጥሩ ውጤት ነው።

ደብሪቱ፦ ከሰዓትም ደገምከው።

ልዑልሰገድ፦ ከሰዓት ማንም አልወጣም። ድንኳን ውስጥ ሆነው ሳቁ።

ደብሪቱ፦ ሁለተኛ የሚያምንህማ እሱ ነው ሞኙ። አመሻሽ ላይ ደግሞ ኮከብ እንቆጥራለን ብለህ ጉም ውስጥ ክብ ሠርተህ አስቀመጥካቸው። ስንት ቆጠራችሁ?

ልዑልሰገድ፦ ፕሮግራሙ ላይ ስለነበረ ነው። ማዝለል አይቻልም።

ደብሪቱ፦ ልብሳችሁስ? አንድ የዝናብ ልብስ የያዘ ሰው አጣሁ። ኮፍያ፣ ጥቁር መነጽር፣ ቁምጣ። አንዲት ልጅ አዝናልኝ የፀሐይ ቅባት ሰጠችኝ። ይኸው ኮርቻውን እያሸሁበት ነው፣ ደረቅ ቆዳ ያለሰልሳል። ከናንተ እስካሁን ያገኘሁት ጥቅም እሱ ብቻ ነው።

ልዑልሰገድ፦ የሰመር ዕቃ ዝርዝር ላይ ያለው እሱ ነው።

ደብሪቱ፦ ሰመር ማነው?

ልዑልሰገድ፦ ሰው አይደለም። በእንግሊዝኛ ክረምት ማለት ነው። «ሰመር ካምፒንግ» ይሉታል፤ በክረምት ተራራ ወጥቶ በድንኳን ማደር።

ደብሪቱ፦ እኔ ደግሞ ሰመረ ከሚለው መስሎኝ። እንዲያ ቢሆንማ ሰመርህ አልሰመረም።

ልዑልሰገድ፦ ዕውቀት ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ለዚህ ነው አገራችን ወደ ኋላ የቀረችው።

ደብሪቱ፦ እኔ ስስቅ ነው የቀረችው? ይሁን። እስቲ ዕውቀቱን አንብብልኝ። ወንዝ ስለ መሻገር ምን ይላል? አውራ ጣቴም ይስማ።

ልዑልሰገድ፦ ደስ ይለኛል። ምዕራፍ ሦስት። «በክረምት ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ምድሩም ደረቅ ስለሆነ ለተራራ ጉዞ ተመራጭ ጊዜ ነው። ወንዞች በክረምት ስለሚጎድሉ ወጣቶች ያለ ሥጋት በእግራቸው ሊሻገሯቸው ይችላሉ።»

ደብሪቱ፦ ድገመው።

ልዑልሰገድ፦ «ወንዞች በክረምት ስለሚጎድሉ...»

ደብሪቱ፦ አንተ ልጅ፣ የት ነው ያደግኸው?

ልዑልሰገድ፦ አዲስ አበባ።

ደብሪቱ፦ አዲስ አበባ በክረምት አይዘንብም?

ልዑልሰገድ፦ ይዘንባል።

ደብሪቱ፦ ወንዙስ ይጎድላል?

ልዑልሰገድ፦ ይሞላል። እሱ ግን ከተማ ነው። የተራራው ይለይ ይሆናል ብዬ ነው። ጸሐፊው ሠላሳ ዓመት ተራራ የወጣ ሰው ነው።

ደብሪቱ፦ ማነው ጸሐፊው?

ልዑልሰገድ፦ ትርጉሙ የኔ ነው።

ደብሪቱ፦ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። ማን ጻፈው ነው የምልህ።

ልዑልሰገድ፦ አንድ ፈረንጅ ነው፤ በሩቅ አገር።

ደብሪቱ፦ እንግዲያው ሰውየው አልዋሸም። ፀሐይ እያየ ነው የጻፈው። ሰመር የሚለው የሱን አገር በጋ ነው። አንተ የሱን በጋ አምጥተህ የኔ ሐምሌ ላይ ለጠፍክበት።

ልዑልሰገድ፦ መዝገበ ቃላቱ ሰመር ማለት ክረምት ነው ይላል። ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ነው። ሰመር ክረምት፣ ዊንተር በጋ። ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነው የተማርነው።

ደብሪቱ፦ ሰሌዳው ወንዝ ተሻግሮ ያውቃል?

ልዑልሰገድ፦ ወራቱ እኮ አንድ ነው። የነሱም ሰመር ሐምሌ ነው፣ የኛም ክረምት ሐምሌ ነው።

ደብሪቱ፦ ሐምሌውማ አንድ ነው። ሰማዩ ነው ሁለት የሆነው። በል ያለህን ተናገር፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።

ልዑልሰገድ፦ ይህንኑ ሌላ ሰው ብሎኝ ነበር።

ደብሪቱ፦ ማነው የተባረከው?

ልዑልሰገድ፦ አንዲት ልጅ ናት። ትርሲት ትባላለች፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ያቺ ቀይ ኮፍያ የምታደርገው።

ደብሪቱ፦ ቅባቱን የሰጠችኝ እሷ ናት።

ልዑልሰገድ፦ ገና ክበቡ ውስጥ ማንዋሉን ስናነብ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ የነሱ ሰመር እኮ በጋ ነው» አለችኝ።

ደብሪቱ፦ አንተስ?

ልዑልሰገድ፦ «ተርጓሚው ማነው?» አልኳት። ሁሉም ሳቁባት።

ደብሪቱ፦ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ከዚያስ?

ልዑልሰገድ፦ ከዚያ እጇን አወረደች። ዛሬ ጠዋት ግን ድንኳን ስንነቅል ተነሳችብኝ። «ከትናንት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተነሱ አልከን፣ ሦስት ጊዜ ከመንገድ መለስከን። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልነገርከንም። ከእንግዲህ ተመለሱ የምትል ከሆነ ምክንያቱን በአፍህ ተናገር። ምክንያቱን ደግሞ እኔም አንተም እናውቀዋለን» አለችኝ። ሌሎቹ አጨበጨቡላት። በፊት የሳቁባት ልጆች ናቸው እኮ።

ደብሪቱ፦ እሰይ። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ተገኘ።

ልዑልሰገድ፦ እርስዎም ያጨብጭቡላት። እኔ ግን ተናደድኩ። «ወንዙን ያወቅሽው አንቺ ከሆንሽ ገመዱን ይዘሽ ከፊት ግቢ» አልኳት።

ደብሪቱ፦ ከፊት የት?

ልዑልሰገድ፦ ወንዙ ውስጥ ነዋ።

ደብሪቱ፦ ቆይ። ልጆቹ ድንኳን ውስጥ አይደሉም እንዴ?

ልዑልሰገድ፦ ድንኳኑን ነቀልን አልኩዎት። እነሱ ቀድመው ወርደዋል። እኔ ለጭነቱ ነው የቀረሁት።

ደብሪቱ፦ የት ነው የወረዱት?

ልዑልሰገድ፦ መሻገሪያው ጋ።

ደብሪቱ፦ ስንቱ?

ልዑልሰገድ፦ አሥራ ሦስቱም።

ደብሪቱ፦ ይህን ሁሉ ጊዜ ቆመህ የምትሟገተኝ፣ ፓስታ የምትለቅመው፣ የሰው ልጅ ወንዝ አፍ ላይ አቁመህ ነው?

ልዑልሰገድ፦ ሥርዓት ያላቸው ልጆች ናቸው። አምስት ሰዓት ሳይሞላ አንድም ሰው እግሩን አይነክርም።

ደብሪቱ፦ ሲሞላስ?

ልዑልሰገድ፦ ይገባሉ።

ደብሪቱ፦ አንተ ሳትደርስ? ያንን አንገትህ ላይ ያንጠለጠልከውን ፊሽካ ሳትነፋ?

ልዑልሰገድ፦ ፊሽካው ዝናብ ገብቶት ውስጡ ያለችው ፍሬ አብጣለች፣ አይጮህም። ስለዚህ በሰዓት ተቀጣጠርን። «ደረስኩም አልደረስኩም አምስት ሰዓት ሲሆን ግቡ፤ እኔ በበቅሎ እደርስባችኋለሁ» አልኳቸው።

ደብሪቱ፦ አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ልዑልሰገድ፦ ለአምስት ሩብ ጉዳይ። እትዬ? ኮርቻውን ጭቃ ላይ ጣሉት እኮ።

ደብሪቱ፦ ተወው። ተከተለኝ።

ልዑልሰገድ፦ ቆይ ስልክ ልደውልላቸው።

ደብሪቱ፦ ደውል።

ልዑልሰገድ፦ ኔትወርክ የለም። ዳማዋን ይስጡኝና ልጋልብ።

ደብሪቱ፦ ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ በቅሎም አይጋለብበትም። ከአፋፉ ላይ ግን ድምፅ ይወርዳል። አገሩ ሁሉ የሚጠራራው ከዚያ ነው። በዚህ በኩል ሩጥ።

ልዑልሰገድ፦ ጫማዬ ያንሸራትታል።

ደብሪቱ፦ አውልቀው። የሰመር ጫማ ነው። ያቺን መጽሐፍ ደግሞ ደረትህ ላይ ምን ታቅፈሃታል?

ልዑልሰገድ፦ እንዳትረጥብ።

ደብሪቱ፦ ልጆቹ ይርጠቡ፣ እሷ አትርጠብ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ዛሬ ታየዋለህ። ያዝ እጄን። ይኸው አፋፉ። ቁልቁል እይ።

ልዑልሰገድ፦ አየኋቸው። ገመዱን ከዛፉ ጋር አስረውታል። ቀይ ኮፍያዋ ትታያለች፣ ከፊት ናት። ሁሉም ደረቅ መሬት ላይ ናቸው። ተመስገን።

ደብሪቱ፦ ተመስገንህን አቆየው። ቆቡን እየው።

ልዑልሰገድ፦ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። ጠዋት እስከ ወገቡ ከውሃ በላይ ነበር።

ደብሪቱ፦ ውሃው እንዴት እንደ ቀላ ታያለህ? የጥቁር ራስ አፈር ነው። ቀድሞ የሚመጣው አፈሩ ነው፤ ጎርፉ ራሱ ከኋላ ነው። ዞር በልልኝ። ውጡ! እናንተ ልጆች! ከወንዙ ራቁ፣ ዳገት ውጡ!

ልዑልሰገድ፦ ሰምተዋል። ቀና አሉ።

ደብሪቱ፦ እያወዛወዙልኝ ነው።

ልዑልሰገድ፦ ምዕራፍ አራት።

ደብሪቱ፦ ያ ረጅሙ መዳፉን ሳመ። ቆመህ ታየኛለህ? አንተ ጩህ እንጂ።

ልዑልሰገድ፦ ተመለሱ! ልጆች፣ ጎርፍ መጣ! ጎርፍ ነው!

ደብሪቱ፦ ምን እያደረጉ ነው?

ልዑልሰገድ፦ እየሳቁ ነው። ልምምድ መስሏቸው። አንዱ ክንዱን አንስቶ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ሊቆጥርልኝ።

ደብሪቱ፦ ልጅቷስ? እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች መሰለኝ። አልሰማችህም?

ልዑልሰገድ፦ ሰምታለች። ምክንያቱን እየጠበቀች ነው።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ንገራታ።

ልዑልሰገድ፦ በሁሉም ፊት?

ደብሪቱ፦ ጠጋ ብለህ በጆሮዋ የምትነግርበት ጊዜ አለህ?

ልዑልሰገድ፦ እርስዎ አይገባዎትም። እነዚህ ልጆች እኔን የሚሰሙኝ በዚህ መጽሐፍ ነው። ሌላ ምንም የለኝም። ገና ሳይመረቅ፣ ስሜ ላዩ ላይ ተጽፎ፣ ተሳስቻለሁ ብዬ ከተራራ ላይ ልጩህ? ከዛሬ በኋላ ማን ያከብረኛል?

ደብሪቱ፦ ማንም። እኔ ከመጣህ ቀን ጀምሮ ንቄህ ነው የሰነበትኩት። ይኸው አልሞትክም።

ልዑልሰገድ፦ ሌላ ምክንያት ብነግራቸውስ? ሰብሳቢው ቀጠሮ ቀየሩ ብላቸው?

ደብሪቱ፦ አንተማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለሃል። የጎርፉን ያላመኑህ የሰብሳቢውን ያምኑሃል? እስቲ ዝም በልና ስማ።

ልዑልሰገድ፦ ምንድን ነው የሚያጉረመርመው? የሰብሳቢው መኪና ነው?

ደብሪቱ፦ በዚህ በኩል መኪና የለም። ድንጋይ ነው። ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ ነው።

ልዑልሰገድ፦ ስንት ደቂቃ አለን?

ደብሪቱ፦ ማንዋልህን ጠይቀው።

ልዑልሰገድ፦ እትዬ ደብሪቱ፣ እባክዎ።

ደብሪቱ፦ አንድ ነገር ልንገርህና ዝም እላለሁ። ዛሬ ከጮህክ አሥራ ሦስት ልጆች ዕድሜ ልካቸውን ይንቁሃል። ካልጮህክ ከአሥራ ሦስቱ የሚንቅህ አንድ ሰው አይኖርም። ምረጥ።

ልዑልሰገድ፦ ልጅቷ ሰዓቷን አየች። ገመዱን አነሳች።

ደብሪቱ፦ አይቻለሁ።

ልዑልሰገድ፦ መጽሐፉን ይያዙልኝ።

ደብሪቱ፦ አልይዝም። ጣለው።

ልዑልሰገድ፦ ትርሲት! ልክ ነሽ! ያኔም ልክ ነበርሽ! የነሱ ሰመር በጋ ነው! እኔ ነኝ ያላወቅኩት! ልጆች፣ መጽሐፉ ስሕተት ነው፣ እሷ ናት ልክ! ክረምት ነው፣ ወንዙ እየሞላ ነው! እሷን ስሟት፣ ውጡ!

ደብሪቱ፦ ጉሮሮ አለህ ለካ።

ልዑልሰገድ፦ ምን አሉ? እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። እያወዛወዙ ነው?

ደብሪቱ፦ አይደለም። ልጅቷ ገመዱን ጣለችው። እየሮጡ ነው፣ ወደ ዳገቱ።

ልዑልሰገድ፦ ሁሉም?

ደብሪቱ፦ ያ ረጅሙ ቦርሳውን ሊያነሳ ተመልሶ ነበር፤ በአንገትጌው ጎትታ አወጣችው። አዎ፣ ሁሉም። ቁጭ በልና ተንፍስ። እየሳቁብህ ነው ደግሞ።

ልዑልሰገድ፦ ይሳቁ።

ደብሪቱ፦ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሚስቁት። አንዱ አንተን እያስመሰለ ይጮሃል፣ «ሰመር በጋ ነው» እያለ።

ልዑልሰገድ፦ ይሳቁ አልኩ።

ደብሪቱ፦ አሁን ግን ሁሉም ወደ ወንዙ ዞሩ።

ልዑልሰገድ፦ ምን ሆኑ?

ደብሪቱ፦ ምንም አልሆኑ። ቆመውበት የነበረውን ቦታ እያዩ ነው።